የግሸን መንገደኞች

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር ወደ አጼ ልብነ ድንግል ከተማ ሲጓዝ የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በቤተ አማራ ምድር ሲያልፍ ዙሪያውን ገደል የከበበው አንድ ታላቅ ተራራ አየ። ከግርጌው ሆኖ ሽቅብ ለሚመለከት ሰማዩ አለቱ ላይ የተደገፈ ይመስላል ሲል በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። መንገደኞቹ መንገድ ስተው ወደ ተራራው ጠጋ ባሉ ጊዜ ግን የገጠማቸው የእንግዳ አቀባበል አልነበረም። የአካባቢው ሰው ድንጋይ እየወረወረ ተነሣባቸው። በዚያ ዘመን ወደዚያ ተራራ መቅረብ ከባድ ቅጣት ያስከትል ነበርና ቄሱና ባልንጀሮቹ በሕይወት መመለሳቸው እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው።

ተራራው ዛሬ ግሸን ማርያም የምንላት አምባ ናት። አሁን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከጎንደርም ከሸዋም፣ ከጎጃምም ከትግራይም፣ ከባሕር ማዶም ሳይቀር ሕዝብ ይጎርፍባታል። ቀርቦ ማየት የሚያስቀጣባት አምባ፣ ሳልረግጣት አልሙት የሚባልላት ሆነች። ወደ እሷ የሚወስደው ዋናው መንገድ ደግሞ ከደሴ ተነሥቶ በቦሩ ሜዳና በኩታበር አድርጎ ያልፋል። ኩታበር በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ገጽ አላገኘችም። የዚህን መንገድ ታሪክ ለሚከተል ሰው ግን ሳይነካት የሚያልፋት ከተማ አይደለችም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእስር ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም በይኩኖ አምላክ ዘሮች መካከል የዙፋን ጠብ ሲበረታ፣ ከነገሠው በቀር ያሉት የንጉሥ ልጆች አምባ ላይ ወጥተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ከዳዊት ዘር ነን ይሉ ስለነበር እስራኤላውያን ይባሉ ነበር። ሚስት ያገባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ መጽሐፍ ይማራሉ፣ ይቀኛሉ፤ መውረድ ግን የለም። ንጉሥ ሞቶ ተተኪ ሲፈለግ መልእክተኛ ይወጣና ከመካከላቸው አንዱን ይዞ ይወርዳል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ከእስር ወደ ዙፋን የመጡት ከዚሁ አምባ ነው፤ አጼ ናዖድም እንዲሁ በ1494። የአምባው መውጫ ጠባብ፣ ዙሪያው ገደል፣ ከበታቹ ያለው አገርም ለጥበቃ የተመደበ ነበር። የአምባሰል ገዥዎች የሚጠሩበት ጃንጥራር የሚለው ማዕረግ ከዚህ ጥበቃ ጋር የተያያዘ ሆኖ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ዘልቋል። የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የዚሁ ቤት ሰው ነበሩ።

በዚህ እስር ቤት መሐል ነው መስቀሉ የገባው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው ጌታ የተሰቀለበት መስቀል ግማድ ከግብጽ የመጣው በአጼ ዳዊት ዘመን ነው። አጼ ዳዊት ግማዱን ይዘው ሲመለሱ ስናር ላይ ያርፋሉ። ልጃቸው ዘርዓ ያዕቆብ ከነገሡ በኋላ ያስመጡትና የሚያርፍበት ስፍራ ፍለጋ ይጀመራል። መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩ በራእይ ተነግሯቸው አገሩን ሲያስሱ ቆይተው፣ በመጨረሻ መስቀል የመሰለ ቅርጽ ያላትን ግሸንን ያገኛሉ። በመስከረም 21 ቀን 1446 ዓ.ም. ግማዱ ሣጥን በሣጥን ውስጥ ሆኖ በእግዚአብሔር አብ ቤተ ክርስቲያን በጥልቅ ጉድጓድ ተቀበረ። ይህንኑ የሚተርከው መጽሐፈ ጤፉት እዚያው ግሸን ይገኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዘርዓ ያዕቆብ ያችን አምባ ለማወቅ ራእይ ብቻ አላስፈለጋቸውም፤ ታስረው የኖሩባት ናት። መውጫዋንም ዘበኞቿንም በእስረኛ ዓይን ያውቋታል። በመንግሥታቸው ውስጥ ከእሷ የበለጠ የተጠበቀ ስፍራ አልነበረም። ሰው እንዳያመልጥ የተሠራው ጥበቃ፣ ንዋየ ቅድሳት እንዳይሰረቅም ያገለግላል። የምእመኑ ታሪክ ራእዩን ያስቀድማል፤ የታሪክ ተመራማሪ ደግሞ ዘበኛውን ይጠቅሳል። ሁለቱ የሚጣሉ አይመስልም። ንጉሡ ራሳቸው ጸሎተኛም ጠርጣራም ነበሩና።

እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ከቀደሙት ሙከራዎች በኋላ አምባውን ያዘ። ጠባቂዎቹም እስረኞቹም አለቁ። የንጉሥ ልጆችን አምባ ላይ የማሰር ልማድ በጎንደር ዘመን እንደገና ቢጀመርም ስፍራው ወኅኒ እንጂ ግሸን አልሆነም። ቤተ አማራ የነበረው ምድር ወሎ ተባለ። ከድሮው አምባ የቀረው መስቀሉ፣ ታቦቶቹና ገደሉ ነው። ዘበኛው ሲነሣ መንገዱ ተከፈተ ማለት ይቻላል።

አውሮፓ ግን ይህን ሁሉ አላወቀም። ከአልቫሬዝ መጽሐፍ የተነሣው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ድንጋያማው እስር ቤት ገነት ሆነ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ የአማራን ተራራ ከምድር ገነቶች ጋር አነጻጽሮ ጠቅሶታል፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ባወጣው ራሴላስ የተሰኘ ልብ ወለዱ የአቢሲኒያን ልዑል በደስታ ሸለቆ ውስጥ አስቀምጦታል። ሁለቱም አገሩን አላዩም። ከኩታበር ተነሥቶ የሄደ አንድ ገበሬ ቢጠይቁ ኖሮ ስለ ብርዱና ስለ ዳገቱ ሌላ ነገር ይነግራቸው ነበር።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ከደሴ ወጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄድ ተሳላሚ መጀመሪያ የሚያገኘው ቦሩ ሜዳን ነው። ለጥ ያለ፣ ደጋ፣ ነፋሻ ሜዳ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን ሰብስበው የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚህ ሲሆን ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው ነበር። በጸጋ ልጅ ባዮችና በተዋሕዶዎች መካከል ለረጅም ዘመን የቆየው የልደት ክርክር በጉባኤው ለተዋሕዶ ተፈረደ። በዚያው ሰሞን የወሎ መሳፍንት የነበሩት መሐመድ አሊና አመዴ ሊበን ክርስትና ተነሥተው ሚካኤልና ኃይለ ማርያም ተባሉ። መሐመድ አሊ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው።

ጉባኤው ሌላም ፊት ነበረው። የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ፤ እምቢ ያለው ተሰደደ፣ ንብረቱን ተነጠቀ፣ ሼህ ጠልሃን የመሰሉ ዑለማም መርተውት አመፀ። ይህን ሳያነሡ ስለ ወሎ መንገድ መጻፍ ግማሹን መደበቅ ነው። ቦሩ ሜዳን አቋርጦ ለስለት የሚሄድ ክርስቲያን የሚረግጠው፣ አያቶቹ ያሸነፉበትን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱ አያቶች የተገፉበትንም ሜዳ ነው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያ ተሳላሚ ሲመሽበት በር ከሚከፍቱለት ሰዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ሆኑ።

የማደሪያው ልማድ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። መንደር ጥግ ሲደርስ የጸሐይዋን ማዘቅዘቅ ያየ መንገደኛ ከአጥር ውጭ ይቆምና «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ!» የሚል መልስ ይሰማል። ስም አይጠየቅም፤ አገር የሚጠየቀው ከተቀመጡ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው በገበቴ ለብ ያለ ውኃ ነው። ከቤቱ ልጆች አንዱ በርከክ ብሎ የእንግዳውን እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ያጥባል፣ ተረከዙ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በአውራ ጣቱ እያሸ ያስለቅቃል፣ የተሰነጠቀ ካለ ቅቤ ይቀባዋል። ከታጠበ በኋላ እግሩን የሚስም ቤትም ነበር። ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን በጸሎተ ሐሙስ የሚሰማ ምእመን፣ ይህንኑ በቁልቁለት መንደር በማያውቀው ሰው ሲደረግለት ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

በሙስሊም ቤት ያደረ እንግዳ ሥጋ አይቀርብለትም። ሁለቱ ሃይማኖቶች ባንድ ቢላ አይባርኩምና ይህን ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ሽሮ በእንጀራ ይመጣል፣ ዕለቱ የፍስክ ከሆነ ወተት ይጨመራል፣ ቡና ይፈላል። የቤቱ አባወራ በቡናው ላይ ዱዓ ያደርጋል፤ እንግዳው አሜን ይላል። ጠዋት ሲለያዩ «ለእኛም ጸልይልን» የሚለው ቃል ከሁለቱም ወገን ይወጣል። የወሎ ሙስሊም ራሱ የመንገድ ሰው ነው። ወደ ጃማ ንጉሥ፣ ወደ ዳና፣ ወደ ጌታ ለመውሊድና ለዚያራ በእግሩ ይጓዛልና የመንገደኛ እግር ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። አገሩ በሁለት ሃይማኖት ተጓዦች የተወቀጠ ነው።

ጊዜውም አመቺ ነው፣ አስቸጋሪም ነው። መስከረም 21 ስትደርስ ዝናቡ አባርቷል። የበሽሎ ገባሮች መጉደል ይጀምራሉ፤ በነሐሴ የማይደፈረው ወንዝ ለሚያውቀው ሰው መሻገሪያ ይሰጣል። አረሙ አልቋል፣ አጨዳው አልተጀመረም፤ ገበሬው ጥቂት ቀን ከእርሻው ቢለይ የሚጎድልበት ነገር የለም። መስቀል በ17 ተከብሮ፣ ደመራው ነዶ፣ ሰው ከዘመዱ ጋር ከበላና ከጠጣ በኋላ ከቅርብ አገር ያለው ይነሣል። ከሩቅ የሚመጣው ግን መስቀልን መንገድ ላይ ነው የሚያከብረው። በሌላ በኩል መስከረም የጎተራ መጨረሻ ነው። የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና እሸት የሆነበት ሰሞን እንግዳ መቀበል ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ወር ለማያውቁት ሰው የተቆረሰ እንጀራ በጥር ከሚቆረሰው የከበደ ነው። ተሳላሚውም ይህን ስለሚያውቅ ስንቁን ይዞ ይመጣል።

ስንቁ ቀላል መሆን አለበት፣ መክረም አለበት፣ እሳት ሳይፈልግ የሚበላ መሆን አለበት። በሶ ሦስቱንም ያሟላል። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ ትንሽ ጨው ይነካውና ስልቻ ውስጥ ይገባል። ምንጭ ሲገኝ በቅል ውኃ ተቀድቶ በእጅ ይጨበጣል። አንድ ጭብጥ በሶ የያዘ ሰው ቀኑን ሙሉ ዳገት ይወጣል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይከተላሉ። የደከመ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቆሎ አንድ አንድ እያለ ይቆረጥማታል፤ አፍ ሥራ ሲይዝ እግር ድካሙን ይረሳል ይባላል። ከስንቁ ጋር ስለቱ ይሄዳል። ጧፍና ዕጣን፣ ወይም ለታቦት የተሳለ ጥላ ሊሆን ይችላል። ጥላው በሰባራ መንገድ ላይ ሳይቀደድ፣ ዝናብ ሳያበሰብሰው እንዲደርስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በተራ ይሸከሙታል።

ሴቶቹን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በድሮው የገጠር ኑሮ ባለትዳር ሴት ከቤቷ ወጥታ ብዙ ሌሊት የምታድርበት ምክንያት ጥቂት ነበር፤ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ የእናት ቤት። ስለት አራተኛው ነው፤ ባልም አማትም ሊከለክሉት የማይደፍሩት። ልጅ ያጣች፣ ልጅ የታመመባት፣ ወይም በደኅና የወለደች ሴት «ለግሸን ማርያም ተስያለሁ» ካለች ጎረቤት ስንቅ ያዋጣላታል። እሷም አገር ታያለች። የማታውቀውን ቆላና የማታውቀውን ገበያ፣ የሌላ ወረዳ ሴቶች ሹሩባቸውን እንዴት እንደሚሠሩ አይታ ትመለሳለች። ስትመለስ ደጅ ላይ የሚጠብቋት ባልንጀሮቿ የያዘችውን እምነት ግንባራቸው ላይ ያስቀባሉ፣ ጸበሉን ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ወሬው ይጠየቃል። ለብዙ ሴቶች የኢትዮጵያ ካርታ የተሳለው በዚህ ወሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ጉዞውን ከባድ ያደርገዋል። ከኩታበር ደጋ፣ ገብስና ባቄላ ከሚበቅልበት፣ መንገዱ እየወረደ ማሽላ ወደሚታይበት ሙቀት ይገባል። እንደገና ወጥቶ ብርድ ላይ ያደርሳል። በአንድ ቀን ጋቢ የሚወልቅበትም የሚደረብበትም ጊዜ አለ። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ሰው ሲቀርብ ወደ ገደሉ ገባ ብሎ ይጠብቅና ተመልሶ ይወጣል። ለሚጸልይ መንገደኛ ይህ ሁሉ ትርጉም አለው። በዳዊት መዝሙራት ውስጥ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ምእመናን የሚዘምሯቸው የመዓርግ መዝሙራት አሉ። ዳዊት የሚደግም ሽማግሌ ዳገቱን ሲጀምር ከእነሱ አንዱን ማነብነቡ የሚጠበቅ ነው። ተራራ፣ ጥላና ጸሐይ፣ መውጣትና መግባት ያሉበትን መዝሙር ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማንበብ ላብ በላብ ሆኖ መድገም ይለያል።

በዚህ አገር ዳገት ለሁሉም እኩል ነው፤ ለንጉሥም ቢሆን። ከበሽሎ ማዶ ተንታ ውስጥ መቅደላ አለች። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ጎትተው፣ በደላንታ ዞረው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደል መንገድ እያስቆፈሩ ያወጡባት አምባ። ወራት ፈጅቶባቸዋል። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በወቅቱ እስረኛ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከመድፉ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር፣ በጥቂት በሶና በአንድ በትር የዚህን ምድር ገደል የተሻገረው ተሳላሚ ጥበበኛ ይመስላል።

ለመሆኑ ይህን ያህል መድከም ለምን? አንዱ መልስ ኢየሩሳሌም ናት። የኢትዮጵያ መነኮሳት በግብጽ በኩል ወደ ቅድስት አገር ሲጓዙ የኖሩት ከጥንት ነው። በኢየሩሳሌም ያለው ዴር ሡልጣን የቀረው የዚያ ጉዞ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ መጨረሻ ቬኒስ ላይ ታላቁን የዓለም ካርታ የሠራው ፍራ ማውሮ የኢትዮጵያን ክፍል የሣለው ከአገሩ የመጡ የሃይማኖት ሰዎች በእጃቸው ነድፈው ባሳዩት መሠረት መሆኑን ካርታው ላይ አስፍሯል። ከእሱ በኋላ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የዚያው ከተማ ሰው መነኮሳቱን እየጠየቀ የሄዱበትን መንገድ ከማደሪያ እስከ ማደሪያ መዘገበ። እነዚያ መነኮሳት ያለፉበት ጉዞ በሽታ፣ ሽፍታና በረሃ የሞላበት ስለነበር የሚመለሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ሊሄድ አይችልም።

ስለዚህ ኢየሩሳሌም ወደዚህ መጣች። በላሊበላ ዮርዳኖስና ጎልጎታ አሉ። በግሸን ደግሞ መስቀሉ ራሱ አለ፤ ግሸንን የተሳለመ ጎልጎታን እንደተሳለመ ይቆጠርለታል የሚለው እምነት ከዚህ የተነሣ ነው። ቀደም ያለው ትውፊት ንጉሥ ላሊበላ በአምባው ላይ የእግዚአብሔር አብን ቤተ መቅደስ እንዳነጹ ያስታውሳል፤ ደብረ ነጎድጓድ፣ ደብረ ነገሥት፣ ደብረ ከርቤ የሚሉት ስሞችም በተለያዩ ዘመናት ተሰጥተዋታል። መርከብ የማይገባበት፣ ካይሮን የማያስረግጥ፣ የቱርክ በረኛ የማይጠየቅበት ኢየሩሳሌም ለደሃው ተሠራለት ማለት ነው። ይህ ከኢትዮጵያ ክርስትና ታላላቅ ግኝቶች አንዱ ነው።

ከግሸን ወደ ደቡብ ምዕራብ የዘለቀው አገርም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። መካነ ሰላም የቦረና ዋና ከተማ ናት፤ አካባቢው ሳይንትን ጨምሮ የቤተ አማራ ልብ ነበር። ተድባበ ማርያም እዚህ ናት። ትውፊት ከኦሪት ዘመን ጀምሮ የነበረች መሥዋዕት የሚቀርብባት ስፍራ ያደርጋታል፤ እ.ኤ.አ. በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ የወደቁት አጼ ገላውዴዎስ የተቀበሩባት ናት። አጼ በእደ ማርያም ያቆሟት አትሮንሰ ማርያምና ናዖድ ጀምረው ልብነ ድንግል የፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1531 ከተቃጠሉት መካከል ናቸው። ሳይንትና ቦረናን ተደግፎ የቆመው የደንቆሮ ደን ዛሬ ፓርክ ሆኖ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይጠለሉበታል። ደጋው ሁሉ በእርሻ ተላጭቶ ባለበት አገር መንገደኛ ጥላ የሚያገኘው ከእንዲህ ያለው ጥቂት ደን፣ አለዚያም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካሉ ጽዶችና ወይራዎች ሥር ነው። ዛፉ የተረፈው ታቦቱን ፈርተው ስላልቆረጡት ነው። ክርስቲያን ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ከሌላ ቦታ ትምህርት መዋስ አያስፈልገውም፤ ቅጥሩን ማስፋት ይበቃዋል።

አሁን መኪና አለ። ከደሴ እስከ ግሸን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በበዓሉ ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚነሡት አውቶቡሶች 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደሴ ይገባሉ፤ ከዚያ ሚኒባሶች፣ ቅጥቅጦችና አይሱዙዎች በኩታበር በኩል ይሰለፋሉ። የኩታበር ሻይ ቤቶች ሌሊቱን አይዘጉም፤ ቆሎ ሻጩ፣ ጧፍ ሻጩ፣ የታሸገ ውኃ ሻጩ በመኪና መስኮት ይሻማሉ። ተራራው ግርጌ ላይ ግን መኪናውም ይቆማል። የመጨረሻው ዳገት ለሀብታሙም ለደሃውም በእግር ነው፤ አቅም ያነሰው በቅሎ ይከራያል። ከአሜሪካ የመጣች እናትና ከላስታ በእግሯ የመጣች እናት እዚያ ላይ ይገናኛሉ፤ የሁለቱም ትንፋሽ እኩል ይቆራረጣል።

መኪናን መርገም ሞኝነት ነው። ሕመምተኛው፣ አረጋዊው፣ ከሥራ አራት ቀን ብቻ የተፈቀደለት ሰው ያለ እሱ አይደርስም ነበር። ነገር ግን የጠፋ ነገር አለ። በመኪና የሄደ ሰው አምባውን ያያል፤ የሚያሳድረውን ሰው አያይም። የተዘጋ መስኮት ውስጥ መዝሙር እየሰማ ኩታበርን በደቂቃ አልፏት ይሄዳል። በእንግዳና በአሳዳሪ መካከል የነበረው መተዋወቅ፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቡና ጭምር፣ በዚህ ፍጥነት ውስጥ ቦታ አላገኘም። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ያንዣበበባቸው የወሎ መንገዶች ደግሞ ይህን መተዋወቅ ከመቼውም ይበልጥ የሚፈልጉ ናቸው።

ወደ ግሸን በእግራቸው የተጓዙት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና አሉ። የት እንደሚያድሩ፣ የትኛውን ወንዝ በየት እንደሚሻገሩ፣ በየትኛው መንደር ማን በር እንደከፈተላቸው በቃላቸው ያውቁታል። የኢየሩሳሌም መንገደኞቻችንን ማደሪያዎች የመዘገበልን አንድ የቬኒስ ሰው ነው፤ የግሸንን መዝግቡልን ብለን ባሕር ማዶ ልንልክ አንችልም። እናትዎ ወይም አያትዎ በኩታበር በኩል ግሸንን በእግራቸው ተሳልመው እንደሆነ፣ ዘንድሮ መስቀልን አብረው ሲያከብሩ ስልክዎን ከፍተው እየቀዱ ማደሪያዎቹን አንድ በአንድ፣ ከነአሳዳሪዎቹ ስም፣ ይጠይቋቸው።